የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አራት ሜትር ወይስ ስድስት?

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ዋና ሥራ የሙቀት መለዋወጫ፣ ማለትም ሙቀትን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ሳይቀላቀሉ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ሙቅ ውሃ በመዳብ ቱቦ ያልፋል፤ ቀዝቃዛው መዳቡን በከበበው ሰፊ የፒቪሲ ቱቦ ይሄዳል። ሙቁን ወደ ውጭኛው ማዞር አይቻልም፤ ተራ ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይለሰልሳል። መዳብ ከመርካቶ በሜትር የሚገዛ ውድ ዕቃ ስለሆነ ርዝመቱ አስቀድሞ መሰላት ነበረበት።

በንድፉ ሙቁ ውሃ በደቂቃ 1 ሊትር እየፈሰሰ ከ80 ወደ 45 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው በደቂቃ 1.75 ሊትር እየፈሰሰ ከ20 ወደ 40 ይወጣል። የሚተላለፈው ሙቀት 2,440 ዋት ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከፈሰሱ የሙቀት ልዩነታቸው በአንዱ ጫፍ 60፣ በሌላው 5 ዲግሪ ይሆናል። ደምሮ ለሁለት ማካፈል (ተራው አማካይ) 32.5 ይሰጣል፤ ግን ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ስለሚወድቅ አብዛኛው ቱቦ የሚሠራው በትንሽ ልዩነት ነው። ትክክለኛው ሎጋሪዝማዊ አማካይ ነው፦ 60 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 55፣ ለ12 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (2.485) ሲካፈል 22.1። ፍሰቱ ተቃራኒ ሲሆን ጫፎቹ 40 እና 25፣ አማካዩም 31.9 ይሆናል።

የቱቦው የውጭ ስፋት 15 ሚሊሜትር፣ የሙቀት ማስተላለፊያው መጠን በካሬ ሜትር በዲግሪ 400 ዋት ተብሎ ሲገመት፣ ተቃራኒው ፍሰት 4.1 ሜትር መዳብ ይበቃዋል፤ የአንድ አቅጣጫው 5.9 ይፈልጋል። ለዚህኛው በተራው አማካይ ያሰላ 4 ሜትር ይገዛና ወደ ሁለት ሜትር ይጎድለዋል።

ካልኩሌተር ላይ በኤልኤን (የተፈጥሮ ሎጋሪዝም) ፈንታ ሎግ (ባለ 10 መሠረት ሎጋሪዝም) የሚጫን ተማሪ አይጠፋም፤ በ22.1 ፈንታ 51 ያገኛል። መልሱ ከትንሹ ልዩነት በላይ፣ ከተራው አማካይ በታች ካልሆነ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ከሆኑ ቀመሩ ዜሮ ለዜሮ ይሆናል፤ ያኔ አማካዩ ራሱ ልዩነቱ ነው።

ቴርሞሜትሮቹን በፈላ ውሃ ለማስተካከል 100 ዲግሪ መጠበቅ አዲስ አበባ ላይ አያዋጣም፤ በከፍታችን ውሃ የሚፈላው በ92 አካባቢ ነው። ሙቁ ያጣው ዋት ቀዝቃዛው ካገኘው በ10 በመቶ በላይ ከተለየ መጀመሪያ የሚፈተሸው የፍሰት ልኬቱ ነው፣ ቀጥሎ በፒቪሲው አናት የታሰረ አየር። ለዚህ ነው ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ የተደረገው።

በሚቀጥለው ዓመት የመኪና ራዲያተር ይፈተሻል። እዚያ አየሩና ውሃው ተሻግረው ስለሚያልፉ የተቃራኒ ፍሰቱ አማካይ ከ1 በሚያንስ ማስተካከያ ቁጥር ይባዛል።