በታዳጊዎች ኮሜዲ ውስጥ የማይታየው ፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የታዳጊዎችን ሕይወት የሚያሳዩ ኮሜዲ ፊልሞች «ብልግና በዝቶባቸዋል» ተብለው ሲወቀሱ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ስለ ጾታ ጉዳይ በግልጽ ማውራታቸውን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ማፈሩ፣ መርበትበቱና ከጓደኛ ላለማነስ መዋሸቱ የዚያ ዕድሜ እውነት ስለሆነ ቢሳቅበት አይከፋኝም። ቅር የሚለኝ፣ ለሳቁ ዋጋ የምትከፍለዋ ልጅ ከታሪኩ መረሳቷ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «አሜሪካን ፓይ» በወጣትነቴ ከጓደኞቼ ጋር ሆዴን ይዤ ስቄ አይቼዋለሁ። በቅርቡ ደግሜ ሳየው ግን አንድ ትዕይንት ላይ ሳቄ ተቋረጠ። ከውጭ አገር ለትምህርት የመጣች ተማሪ ልብስ ስትቀይር፣ የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ባዘጋጀው ዌብካም (የኮምፒውተር ካሜራ) ሳታውቀው ትታያለች፤ ምስሉም ለበርካታ ተማሪዎች ይሰራጫል። ካሜራው የተመልካቾቹን መደነቅና የልጁን ውርደት አንድ በአንድ ያሳየናል። ልጅቷስ? ወደ አገሯ መመለሷን በወሬ ብቻ እንሰማለን፤ ፊልሙም ነገሩን በእሷ ላይ እንደተፈጸመ በደል ሳይሆን ከእሷ ጋር የመሆን ዕድሉ ያመለጠው ያ ልጅ እንደ ገጠመው አሳዛኝ ነገር አድርጎ ያልፈዋል። ዛሬ ይህ ድርጊት በብዙ አገሮች በወንጀል ያስጠይቃል።

ነገሩ በዚህ ፊልም አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ሲክስቲን ካንድልስ»፣ የልጃገረዶች ሁሉ ምኞት የሆነው ጎረምሳ ሰክራ ራሷን የማታውቅ ፍቅረኛውን ለሌላ ልጅ አሳልፎ ይሰጣታል፤ ይህም ለቀልድ ቀርቧል። የፊልሙ መሪ ተዋናይት ሞሊ ሪንግዋልድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ያንን ትዕይንት በጥያቄ ዓይን መለስ ብላ መርምራዋለች።

በነገራችን ላይ፣ በእነዚህ ፊልሞች የምናያቸው «ታዳጊዎች» አብዛኞቹ አዋቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ግሪስ» የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና የተወነችው ስቶካርድ ቻኒንግ በቀረጻው ወቅት 33 ዓመቷ ነበር። የወሲብ ይዘት ላለው ትዕይንት አዋቂ መመረጡ ተገቢ ነው፤ ይሁንና ድምፁ ገና እየተሰበረ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ሰውነቱንና ድፍረቱን የሚያስተያየው ከጎልማሳ ጋር መሆኑን የሚነግረው የለም።

ፊልም ሠሪዎቹ «ከተጠነቀቅን ቀልዱ ይሞታል» ቢሉ አልቀበላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ሱፐርባድ» አፉ ያልተገራ ፊልም ነው። ሆኖም የሚወዳት ልጅ ሰክራ ስትቀርበው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ሲመኝ የነበረው ልጅ ስካሯን አይቶ ያመነታል፤ ተመልካቹም የሚስቀው በልጁ መደናገጥ ነው።

የፊልም ገምጋሚዎቻችሁ ስለነዚህ ፊልሞች ሲጽፉ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚፈቀዱ ከመግለጽ ባሻገር፣ ሳቁ በማን ላይ እንደሆነም ቢነግሩን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ