የኮንክሪቱን ነገር አደራ

ሰላም ጓዶች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ለበረራ ማስመሰያው (ሲሙሌተሩ) የምንሠራው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ጣቢያ መልክ እየያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ክላስ ኤ» የአየር ማረፊያ ደረጃ ዋናው ማኮብኮቢያ 1,830፣ ሁለቱ ረዳቶች 1,280 ሜትር ገደማ ናቸው። ይህ ተስተካክሏል።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ኮንክሪቱ ነው። እባካችሁ አንድ ወጥ ግራጫ አትቀቡት። በንጣፎቹ መጋጠሚያ ጥቁር የሬንጅ መስመር ይታይ፤ ላንካስተር የተባሉት ቦምብ ጣዮች በሚቆሙበት ቦታ ከአራቱም ሞተሮች ሥር የዘይት ነጠብጣብ፣ ከዳር ደግሞ ጎማ የረገጠው ጭቃ ይኑር።

መቆሚያዎቹንም አታጠጋጉ። ተበታትነው የተሠሩት አንድ ቦምብ ብዙ አውሮፕላን እንዳያወድም ነው፤ ገሚሶቹ ክብ መጥበሻ ከነእጀታው ይመስላሉ።

የሠራችሁትን እስከ እሑድ ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።