ለልጄ ለናሆም፦ ስለ ጆንሰንና ስለ ሬገን

ውድ ልጄ ናሆም፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሁለቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች፣ የሊንደን ጆንሰንንና የሮናልድ ሬገንን፣ የአገር ውስጥ ፖሊሲ እያነጻጸርህ መሆኑን በስልክ ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን «አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ነሺ» ብለህ ስትደመድመው ከነከነኝ። እኔ የምሠራው የሁለቱም ፊርማ በየቀኑ በሚታይበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነውና ጥቂት ልጻፍልህ።

አስቀድመህ መነሻቸውን እይ። ሁለቱም ድህነትን ከመጽሐፍ አላወቁትም። ጆንሰን በ1928 ቴክሳስ ውስጥ ኮቱላ በምትባል ከተማ የሜክሲኮ ተወላጆችን ልጆች ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመጡ ነበር። የሬገን አባት ደግሞ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አጥተው፣ በኋላ በኢሊኖይ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የእርዳታ ሥራ ሲያስተባብሩ እንጀራቸውን አገኙ። ሬገን ራሱ ለሩዝቬልት አራት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። ከአንድ ምንጭ ጠጥተው ነው በኋላ መንገዳቸው የተለያየው።

ጆንሰን በጥር 1964 በድህነት ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያው ዓመት የሲቪል መብቶችን ሕግ፣ በሚቀጥለው ደግሞ የድምፅ መስጠት መብትን ሕግ ፈረመ። ሐምሌ 30 ቀን 1965 የሜዲኬርንና የሜዲኬይድን (የአረጋውያንንና የድሆችን የመንግሥት የጤና መድን) ሕግ ሊፈርም ሚዙሪ ድረስ ሄዶ፣ ነገሩን ሞክረው ካልተሳካላቸው ከሽማግሌው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን አጠገብ ተቀመጠ። በ1964 ከመቶ 19 የነበረው የድሆች ቁጥር በ1969 ወደ 12 ወረደ። የቬትናም ጦርነት ግን ገንዘቡንም ሐሳቡንም በላበት፤ ይህን ሳትጽፍ እንዳታልፍ።

ሬገን በ1981 ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ በዚያ ቀውስ ውስጥ መንግሥት መፍትሔ ሳይሆን ራሱ ችግሩ ነው አለ። ከፍተኛው የገቢ ግብር ከመቶ 70 ተነሥቶ እሱ ባጸደቃቸው ሕጎች ወደ 28 ወረደ። የዋጋ ንረቱ በረደ፤ ምስጋናው ግን የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀ መንበር የፖል ቮልከርም ነው፣ ዋጋውንም በ1982 ሥራ ያጡት ሠራተኞች ከፍለውታል። የመንግሥት ዕዳ ደግሞ በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። አንዲት አሮጊት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ወደ እኛ ሲመጡ መጀመሪያ የሚከፍለው ሜዲኬር ነው። ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚከፍል ይመስለዋል፤ ቢበዛ ግን ለ100 ቀን ነው። ከዚያ የባንኩ ቁጠባ ይሟጠጣል፤ ዕድሜ ልኩን ግብር የከፈለ መምህር ወይም መካኒክ ባዶ እጁን ይቀራል። ያን ጊዜ ሜዲኬይድ ይረከበዋል። እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚኖሩ የአብዛኞቹ አረጋውያን ወጪ የሚሸፈነው በእሱ ነው። ስለዚህ «የድሆች መድን» ብለህ ስትጽፍ፣ ድሃ የሚባለው ማን እንደሆነ አስረዳ።

ሬገን በ1981 የፌዴራል መንግሥት ለሜዲኬይድ የሚያወጣው ገንዘብ ላይ ጣሪያ ሊያበጅ ፈለገ። ምክር ቤቱ ጣሪያውን ባይቀበልም ለሦስት ዓመት ቅነሳ ተደረገ። ያው ሬገን በታኅሣሥ 1987 በፈረመው ሕግ ግን አረጋውያንን ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ወንበር ላይ ማሰር ተከለከለ፤ ረዳት ነርሶችም ቢያንስ 75 ሰዓት ሠልጥነው እንዲፈተኑ ግዴታ ሆነ። እኔን ያሠለጠነኝና የፈተነኝ ይኸው ሕግ ነው። የቀረጹት በምክር ቤቱ የበዙት ዴሞክራቶች ቢሆኑም አልሻርኩም ብሎ ፈርሟልና ድርሻውን አትንፈገው። በ1961 በሸክላ ድምፁን ቀርጾ ለአረጋውያን የታሰበውን የመንግሥት የጤና መድን ሲያወግዝ የነበረ ሰው፣ ሥልጣን ሲይዝ ሜዲኬርን አላፈረሰም።

ፍርዴን አልደብቅህም፤ ልቤ ከጆንሰን ጋር ነው። ሰው አቅሙ ሲያልቅ የሚይዘውን ድጋፍ ያቋቋመው እሱ ነው። የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ገቢ ያለውን ነው፤ እኔ ገላቸውን የማጥባቸውና የማጎርሳቸው ሰዎች ገቢያቸው ያለቀ ነው።

በስደተኛ ጉዳይ ግን ሁለቱንም እናመሰግናለን። ከ1965ቱ የስደተኞች ሕግ በፊት ለኢትዮጵያ የተመደበው የመግቢያ ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር፤ ያን የኮታ ሥርዓት የሻረው ጆንሰን ነው። አጎትህ ደግሞ ለትምህርት መጥቶ፣ አብዮቱ መመለሻ አሳጥቶት፣ ቪዛውም አልፎበት ሲኖር ወረቀት ያገኘው ሬገን በ1986 በፈረመው ሕግ ነው። ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው በዚያ ሕግ ሕጋዊ ሆኗል። እሁድ ደውለህ ጠይቀው፤ ማመልከቻውን ሲሞላ ምን ምን ማስረጃ እንዳቀረበ ሁሉንም ያስታውሳል።

ጽሑፍህን ከማስረከብህ በፊት ላክልኝ፤ ስለ ሜዲኬይድ የጻፍኸውን እኔ ልየው።

እናትህ