የሳይንስ ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን፦ ሃይድሮጂንን በፀሐይ ብርሃን ከውኃ የመለየት ሙከራ

የሳይንስ ክበባችን ባለፉት ዓመታት ለወላጆች ቀን የሚቀርቡ ልዩ ልዩ ሙከራዎችን ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ዘንድሮ ግን ብዙ ከማሳየት ይልቅ አንዱን ነገር በሚገባ መለካት እንደሚሻል ከአባላቱ ጋር ተስማምተን፣ ዓመቱን በሙሉ ውኃን በኦክሳይዶች (ብረታ ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃዱ በሚፈጠሩ ውህዶች) ገጽ ላይ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን በመለየት ጥናት አሳልፈናል። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ሲቃጠል 120 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ይህም ተመሳሳይ ክብደት ያለው ቤንዚን ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይወጣውም። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም የሚመረተው ሃይድሮጂን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ስለሆነ፣ ከውኃ ማግኘቱ ለወጣቶቻችን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በኤሌክትሪክ ሙከራ አለፈ። ውኃው ኤሌክትሪክ በሚገባ እንዲያስተላልፍ የገበታ ጨው ቢጨመርበት መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያስወጣ፣ በምትኩ በብዙ ውኃ የቀጠነ ኮስቲክ ሶዳ በመነጽርና በጓንት ተጠቀምን። ተማሪዎቹን ይበልጥ ያነጋገራቸው የቮልቴጁ ነገር ነበር፤ ውኃን ለመለየት በስሌት የሚያስፈልገው 1.23 ቮልት ሆኖ ሳለ፣ 1.5 ቮልት ባለው አንድ ባትሪ ድንጋይ አረፋ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለት ድንጋይ በተከታታይ ሲያያዝ ግን አረፋው ይንተከተካል። ምክንያቱ ያለው በኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ከውኃው ጋር በሚያገናኘው ዘንግ፣ ገጽ ላይ ነው። አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለመፍጠር ከሁለት የውኃ ሞለኪውሎች አራት ኤሌክትሮኖች መወሰድ ስላለባቸው፣ ይህ አዝጋሚ ሥራ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃል። የገጹ ዓይነት ሲለወጥ የሚጠይቀውም መጠን ይለወጣል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ብርሃን ተሻገርን። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃን ለመለየት እንደሚያግዝ በጽሑፍ አሳወቁ። ይህ ኦክሳይድ ነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው ሲሆን፣ ውኃ ውስጥ አይበላም፤ ጉድለቱ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ በታች የሆነውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ መምጠጡ ነው፤ ይህ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ኃይል 5 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ሄማታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ለቀይ አፈራችን መልኩን የሚሰጠው ማዕድን፣ የሚታየውንም ብርሃን ይመጥጣል። ሆኖም ብርሃኑ የሚፈጥራቸው አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌቶች ጥቂት ናኖሜትር እንኳ ሳይጓዙ ከኤሌክትሮኖች ጋር ተመልሰው ስለሚገናኙ፣ ውኃው ጋ የሚደርሱት በገጹ ጥግ የተፈጠሩት ብቻ ናቸው።

አባላቱ ከብረታ ብረት ሥራ የተረፈ ስስ የብረት ላሜራ በእሳት አግለው ገጹን በዚሁ የብረት ኦክሳይድ ካለበሱት በኋላ፣ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ከወጣ የካርቦን ዘንግ ጋር ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውኃ ውስጥ አስገብተው፣ አነስተኛ ቮልቴጅ ሰጥተው፣ በጥር ወር የቀትር ፀሐይ ላይ አኖሩት። ማልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) በማይክሮአምፒር፣ ማለትም በአምፒር ሚሊዮንኛ፣ የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ፍሰት አሳየ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቁጥሩ ይጨምራል፤ በካርቶን ሲጋረድ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፍሰቱን የጨመረው ሙቀቱ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለን ስትል ጠየቀች፤ ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የላቀው ይህ ይመስለኛል። መልሱን ለማግኘት ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን ውኃ በጥላ ሥር አሞቁት፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ብቻ ወጣ። ካርቶኑ ሲነሳና ሲመለስ ግን ለውጡ ወዲያውኑ ስለሚታይ፣ ቢያንስ ያ ፈጣን ክፍል የብርሃን ሥራ መሆኑን ተቀበልን። በዚህ ፍሰት የሚገኘው ሃይድሮጂን በዓይን የሚታይ አረፋ አይሆንም።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ስትሮንቲየም ታይታኔት የተባለ የኦክሳይድ ዱቄት የተለበጠበት ሰሌዳ እንኳ ወደ ሃይድሮጂን የለወጠው ከፀሐይ ኃይል ቢበዛ 0.76 በመቶ ነበር። በሶላር ፓነል ኤሌክትሪክ ውኃን መለየት ከ10 በመቶ በላይ ሊያስገኝ ስለሚችል፣ በኦክሳይዱ መንገድ መድከም ይገባል ወይ በሚለው ላይ አባላቱ ተከራክረዋል። በእኔ እምነት ይገባል፤ ዱቄቱ በመስታወት ላይ ተለብጦ ያለ ሽቦና ያለ ፓነል የሚሠራ ከሆነ፣ ቅልጥፍናውን ማሳደግ ትልቅ ሥራ ነው።

በመጪው ዓመት ክበቡ በሄማታይቱ ገጽ ላይ ጥቂት ኮባልት በመጨመር የኦክስጅኑ ሥራ ይፋጠን እንደሆነ ይለካል። የዘንድሮው የመለኪያ መዝገብ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጠ፣ አዲስ ተመዝጋቢዎች በመስከረም ከእሱ ይጀምራሉ።