ከጠርሙስ ከወጣ በኋላስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍላችሁ፣

ችግኝን በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክል ላይ ትንሽ ቆርጦ ጠርሙስ ውስጥ እናት ተክሉን የሚመስሉ ችግኞች በማሳደግ ዘዴ፣ ስለማባዛት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ከአንድ ቅጠል ሺህ ችግኝ ይወጣል ማለታችሁ ልክ ነው። ግን ጽሑፋችሁ ያለቀው ችግኙ ገና ጠርሙስ ውስጥ እያለ ነው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነገሩ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ቡናን እንውሰድ። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ተራውን ዝርያ በዘር ብትተክሉት ልጅ እናቱን ይመስላል። ከጅማ የወጣው አባቡና የተባለው የቡና ዝርያ ግን ድቅል ነው፤ ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ። ከእሱ ፍሬ ለቅሞ የዘራ ገበሬ ማሳው ላይ ዝንጉርጉር ቡና ይጠብቀዋል። ድቅሉን ዘር ለማግኘት ደግሞ አበባው ሳይፈነዳ ወንዴውን በእጅ እየነቀሉ ማዳቀል ነው። ለዚያ ሁሉ ልፋት አንድ እሸት የሚይዘው ሁለት ፍሬ ብቻ! እዚህ ላይ ቲሹ ካልቸር ሁነኛ መላ ነው። የደጋ ቀርከሃም እንደዚሁ፤ ዘር የሚሰጠው በስንት ዘመን አንዴ ስለሆነ ገበሬው ከነሥሩ እየቆፈረ ነው የሚያባዛው። (በዘር እንደ ጉድ ለሚበቅለው ባሕር ዛፍ ግን ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ቅንጦት ይመስለኛል።)

የጠርሙስ ችግኝ ተሞላቆ ያደገ ልጅ ነው። ምግቡ ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቀመር ተዘጋጅቶ፣ ስኳር ተጨምሮበት ይቀርብለታል። የጠርሙሱ ግድግዳ ሁሌም ላብ እንዳጠመቀው ነው። እርጥበት ስለማያጣ ውሃ መቆጠብ አያውቅም። ቅጠሉ ላይ ያለው ሰም ስስ ነው፤ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም በደንብ አይዘጉም። ጠዋት አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ብታኖሩት ለምሳ ሰዓት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው ማለማመጃ ቤት የሚያስፈልገው። ጥላ ሥር፣ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውሃ እየተረጨ፣ ሽፋኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተከፈተለት ለሳምንታት ይቆያል። አሰልቺ ሥራ ነው። ፎቶ ላይም አያምርም።

አንድ ጊዜ እኛ ይህን ዘለልነው። ዝናቡ እያለፈ ነው ተብሎ ከ300 በላይ ችግኝ በጥድፊያ ተከፋፈለ። ጭብጨባ ነበር፣ ፎቶም ተነሣን። በሁለተኛው ሳምንት ልናይ ስንሄድ ከአንዳንዱ የቀረው የችግኝ ፕላስቲኩ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁሉም "ተሠራጭቷል" ተብሎ ሰፍሯል። ውሸት አይደለም፤ ተሠራጭቷል።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ላብራቶሪ ስትጎበኙ ማለማመጃ ቤቱንም አሳዩን በሉ። ስንት ተባዛ ብቻ ሳይሆን፣ ካቻምና ከወጣው ስንቱ ዛሬ ቆሟል ብላችሁም ጠይቁልን።

የቀድሞ የላብራቶሪ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ