ዘውድ ያልተደፋበት ኩባያ ብርቅ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ነገሥታት የዘውድ በዓል ማስታወሻ ዕቃዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የእንግሊዙ የኤድዋርድ ስምንተኛ ኩባያ «ዘውድ ሳይጭኑ ስለቀሩ እጅግ ብርቅ ነው» ተብሏል። ስሕተት ነው። በዓሉ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. ለሜይ 12 ቀን 1937 ሲሆን ንጉሡ ዙፋኑን የለቀቁት ዲሴምበር 1936 ነው፤ እስከዚያ ፋብሪካዎቹ ኩባያውን በገፍ አምርተውት ነበር። ከለቀቁም በኋላ ሰው ተሻማበት እንጂ አልጣለውም። በዚያው በሜይ 12 ቀን ዘውድ የጫኑት ወንድማቸው ጆርጅ ስድስተኛ ስለሆኑ ደግሞ ቀኑ ብቻውን የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ስሙን ማንበብ ነው። ፈላጊ የሚበዛበት የኤድዋርድ ዙፋን መልቀቅ ተጨምሮ የተጻፈበት ነው።

የኤድዋርድ ሰባተኛው ይብሳል። በጁን 26 ቀን 1902 ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በሆድ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና በዓሉ ወደ ኦገስት 9 ተዛወረ። ስለዚህ ጁን 26 የሚል ዕቃ ሐሰተኛ አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያ ነው። ኦገስት 9 ያለበትን ካገኛችሁ ግን አትለፉት።

ከመግዛት በፊት ኩባያውን መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጥፍር መታ ማድረግ ነው። ደህና ፖርሴሊን (ስስና ጠንካራ ነጭ ሸክላ) ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። (ወፍራም ሸክላ ደህና ሆኖም ስለሚታፈን በዚህ አይፈረድበትም።) እጀታው ከገላው የሚጋጠምበትን ቦታ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት እዩት፤ ጥገና ካለበት ሙጫውና አዲሱ ቀለም ከሌላው ተለይቶ ያበራል።

ጽሑፋችሁ የበለዘ ሸክላ በበረኪና እንዲነከር መምከሩ ደግሞ ጉዳት አለው። ልባሱ (የሸክላው የሚያብረቀርቅ የላይ ሽፋን) እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጣጠቀ በረኪናው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲደርቅ የሚተወው ጨው እያበጠ ልባሱን ይፈነቅለዋል። የወርቁ ቅብ ከልባሱ በላይ ስለሆነ የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ያነሣዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፣ ፎጣ የተነጠፈበት ሳፋ ይበቃል።

የሩሲያው የኒኮላይ ሁለተኛ የ1896 ኩባያ፣ ማለትም በሞስኮ ኮዲንካ ሜዳ ስጦታ ለመቀበል በተፈጠረ መጋፋት ከ1,300 በላይ ሰው ያለቀበት፣ ሸክላ ሳይሆን ኤናሜል (መስታወት መሰል ሽፋን) የተቀባ ብረት ነው። እዚህ መታ መታ አይሠራም፤ የተላጠውን ቦታ ነው ማየት። የቆየ ልጣጭ ጠቁሮ ዝጓል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ከታየ ልጣጩ የትናንት ነው። ይህን ኩባያ አትንከሩት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ነው። ጠርዙ ላይ ውሃ ከቀረ ዝገቱ ከኤናሜሉ ሥር እየገባ አጠገቡ ያለውን ያነሣዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ