የኤሌክትሪክ ምርምር ገንዘብ እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር ይውረድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሆነ ሰምተናል። ጎንደር ላይ ግን በበዓል ዋዜማ ምጣድ አልግል ይላል። በግድቡና በምጣዱ መካከል የሰፈሩ ትራንስፎርመር አለ፤ ምርምር የጎደለውም እዚያ ነው።

የሰፈር ትራንስፎርመር ኃይሉን የሚያከፋፍለው ፌዝ በሚባሉ ሦስት መስመሮች ነው። ስለዚህ የ100 ኬቪኤ (ኬቪኤ የመሸከም አቅም መለኪያ ነው፤ ለምጣድ ከኪሎ ዋት ጋር እኩል ነው) ትራንስፎርመር ለአንዱ ፌዝ የሚያደርሰው 33 ኬቪኤ ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎ ዋት የሚስቡ ዘጠኝ ምጣዶች በአንድ ፌዝ ላይ አብረው ከበሩ ሞላ ማለት ነው። ቆጣሪ ሲገባ ሽቦው ለእጅ በቀረበው ፌዝ ላይ ከታሰረ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ፈቶ ይውላል። ከመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድበት የምጣዱ ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። እናቶች እስኪግል ይጠብቃሉ፤ ምጣዱ ረጅም ሰዓት በበራ ቁጥር ደግሞ ከጎረቤት ምጣድ ጋር ይደራረባል። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ አንድ የ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ሁለት ምጣድ ነው፣ ያውም ለሰዓታት ሳይጠፋ። ፊውዝ ሲቃጠል በምትኩ ወፍራም መዳብ ከታሰረማ ቀጥሎ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ራሱ ነው።

ስለዚህ በጎንደር ከማራኪ፣ ከአራዳና ከአዘዞ አሥር ትራንስፎርመሮች ይመረጡ። በሦስቱ ፌዞችና በኒውትራሉ (በጋራ መመለሻ ሽቦው) ላይ የአምፒር መለኪያ፣ በመስመሩ ጫፍ የቮልቴጅ መዝጋቢ ይሰቀል፤ በየ15 ደቂቃው ዓመት ሙሉ ይመዝግብ። ኒውትራሉ እንዳይረሳ፤ እሱ ሲበጠስ ጭነት በቀለለበት ፌዝ ያለ ቤት ቮልቴጁ እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅም ይነዳል። መረጃው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ክፍት ይሁን። ደንበኞችን ከተጨናነቀው ፌዝ ወደ ቀለለው ማዛወር አዲስ ዕቃ አይፈልግም፤ መሰላል፣ ባለሙያና የጥቂት ሰዓት መብራት ማጥፋት ይበቃዋል።

የተቃጠለ ትራንስፎርመርም ሳይከፈት ወደ መጋዘን አይሂድ። ዘይቱ ውኃ ገብቶበታል? እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ቀለሙን ቀይሯል? የተቃጠለው የየትኛው ፌዝ የሽቦ ጥቅል ነው? አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላ። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ መስቀል ያንኑ ጥፋት በአዲስ ዕቃ መድገም ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ከጭማሪው የተወሰነው ድርሻ ለእንዲህ ያለ የአካባቢ ምርምር ብቻ እንዲውል በመመሪያ ይወሰን፤ ውጤቱም፣ ያልተሳካውን ጨምሮ፣ ለሕዝብ ይታተም። መለኪያዎቹ ከገና በፊት ቢሰቀሉ የገናን፣ የጥምቀትንና የፋሲካን ጭነት በአንድ ዙር እናገኛለን።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር